ቁጥር 11982

ካርታን ለብቻው የሚጫወት ሰው የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ይወጣል ወይስ አይወጣም? ከፊቱ የሚረታው ሰው የለም፣ የሚበላውም የሚበላበትም ገንዘብ የለም። ይበውዛል፣ ይዘረጋል፣ ከዚያ ከተዘረጋው ካርታ ጋር ይፋጠጣል። ጥያቄው ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሲጠየቅ ኖሯል። በመጀመሪያ የምትጠየቀው ዕድል ነበረች፤ ዛሬ የሚጠየቀው ማስረጃ ነው። ከዕድል ወደ ማስረጃ የተሻገረበት መንገድ ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው ፍሪሴል በተባለው ጨዋታ ታሪክ ስለሆነ የምጽፈው ስለ እርሱ ነው። እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። «አልቻልኩም» እና «አይቻልም» የተራራቁ ነገሮች መሆናቸውን ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ለማስረዳት ከጠመኔና ከሰሌዳ ይልቅ የረዳኝ ይህ ጨዋታ ነው። ዓመታቱን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

የመጫወቻ ካርታ አውሮፓ የገባው በ14ኛው መቶ ዘመን፣ ከግብፅ ማምሉኮች ዘንድ ነው። የማምሉኮቹ ካርታ አራት ዓይነት ነበረው፤ ዋንጫ፣ ሳንቲም፣ ሰይፍና የፖሎ ዱላ። በ1377 ፍሎረንስ ከተማ ስለ ካርታ ደንብ አውጥታለች፤ ስለዚህ በዚያ ጊዜ ጨዋታው ሹማምንትን እስኪያሳስብ ድረስ ተስፋፍቶ ነበር ማለት ነው። ዛሬ የምናውቃቸው ልብ፣ ዳይመንድ፣ ስፔድና ሦስት ቅጠል ያላት አበባ ፈረንሳይ ውስጥ በ15ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ገደማ የወጡ ናቸው። በሁለት ቀለም ብቻ በቀላሉ ስለሚታተሙ ሌሎቹን አሸንፈው ዓለምን አዳረሱ። ሁለቱ ቀለሞች፣ ቀይና ጥቁሩ፣ በኋላ በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ሥራ ስለሚሠሩ አንባቢ ከወዲሁ ልብ ይበላቸው።

በእነዚያ ሁሉ ዘመናት ካርታ የሚጫወቱት ከሰው ጋር ነበር። በ1674 ቻርልስ ኮተን የዘመኑን ጨዋታዎች ሰብስቦ ለንደን ውስጥ ባሳተመው መጽሐፍ ለብቻ ስለሚጫወቱት ካርታ አንዲት ቃል የለችም። እስካሁን የተገኘው የመጀመሪያው ጽሑፍ በ1783 ጀርመን ውስጥ በታተመ የጨዋታ መድበል ውስጥ ያለው ነው። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ1770፣ ኤቴላ በሚል ስም የሚጽፍ አንድ ፈረንሳዊ በተራ የመጫወቻ ካርታ ዕጣ ፈንታን ስለማንበብ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ዘመን፣ በአንድ አካባቢ መታየታቸው እንዲሁ የገጠመ አይመስለኝም። የእኛ አገር ጠጠር ጣይ ጠጠሩን በትኖ ከአወዳደቁ የጠያቂውን ነገር እንደሚያነብ፣ ካርታን ለብቻው የሚጫወተውም ካርታውን ዘርግቶ «ከወጣልኝ ጉዳዬ ይሳካል» ይል ነበር። ካርታው ሲወጣ ደስታ፣ ሳይወጣ ሥጋት። በዚያ ዘመን አእምሮ ካርታው ለምን እንዳልወጣ መመርመር ነገሩን መሳት ነው፤ መልሱ ከላይ የመጣ ነውና።

እንግሊዞች ጨዋታውን ፔሸንስ ብለው ተቀበሉት። ቻርልስ ዲከንስ በ1861 ባሳተመው ታላቅ ልቦለዱ፣ ከግዞት ሸሽቶ የመጣው ወንጀለኛ ማግዊች በተበጣጠሰ ካርታ ፔሸንስ ሲጫወት ያሳየናል። በ1870ዎቹ ደግሞ እመቤት አደላይድ ካዶጋን የጨዋታዎቹን አዘረጋግ በሥዕል እያሳየች ያዘጋጀችው መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም ተሠራጨ። ከአንዱ ጨዋታ ሌላው እየተወለደ በመቶ የሚቆጠሩ ዓይነቶች ተፈጠሩ፤ በናፖሊዮን ስም ብቻ የተሰየሙት ብዙ ናቸው። ያን ሁሉ አልዘረዝርም። በአብዛኛዎቹ ውስጥ ካርታው ከፊሉ ተደፍቶ ይቀመጣል፤ ክሎንዳይክ በተባለው፣ ኮምፒውተር የነካ ሰው ሁሉ ሶሊቴር ብሎ በሚያውቀው ጨዋታ፣ ሰባት ዓምድ ተዘርግቶ 21 ካርታ ፊቱን ደፍቶ ይተኛል፣ 24ቱ ደግሞ ተደራርቦ በአንድ በኩል ይጠብቃል። የሚታዩት ሰባት ብቻ ናቸው። ተጫዋቹ ቀይ ዘጠኝን የሚያስቀምጥበት ሁለት ቦታ ቢያገኝ የትኛው እንደሚሻል የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ሲሸነፍም በራሱ ስሕተት ይሁን በአበዋወዙ ሳያውቅ ካርታውን ይሰበስባል። በጨዋታው የማልወደው ይህን ነው፤ ከሽንፈቱ የሚማሩት ነገር የለም።

በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ከኒውዮርክ በስተሰሜን ባለችው የሳራቶጋ ስፕሪንግስ ከተማ ሪቻርድ ካንፊልድ የሚባል ሰው ታዋቂ የቁማር ቤት ነበረው። እንደሚነገረው አንድ ሙሉ እሽግ ካርታ በ50 ዶላር ይሸጥልሃል፤ ዘርግተህ ትጫወትና ካርታዎቹ በየዓይነታቸው በቅደም ተከተል ወደሚሰበሰቡበት ቦታ፣ «ቤት» ወደሚባለው፣ ላስገባሃት ለእያንዳንዷ ካርታ 5 ዶላር ይከፍልሃል። ዐሥር ካርታ ካስገባህ ገንዘብህ ተመለሰ ማለት ነው። ካንፊልድ የሚለው ስም ከሰውየው ወደ ጨዋታው ተላለፈ፤ አሜሪካውያንም ጨዋታውን እስከ ዛሬ በዚያ ስም ይጠሩታል። የቁማር ቤት ባለቤት ሒሳቡን በደፈናው ያውቀዋል፤ ከብዙ ተጫዋች ብዙ ካርታ ሲያይ የትኛው ወገን እንደሚያተርፍ ይገባዋል። ትክክለኛውን ቁጥር ግን ማንም አላሰላውም ነበር።

ለማስላት የተነሣው ሰው የታመመ ሰው ነው። ስታኒስላቭ ኡላም ከፖላንድ መጥቶ አሜሪካ የገባ፣ በሎስ አላሞስ በአቶሚክ ቦምብ ሥራ የተሳተፈ የሒሳብ ሊቅ ነበር። በ1946 አንጎሉ ተቆጥቶ ታመመና ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ሐኪሞቹም አእምሮውን እንዲያሳርፍ አዘዙት። ሲያገግም ካንፊልድ ይጫወት ጀመር። እንዲህ ያለ ሰው ግን ካርታ ይዞ አእምሮውን ሊያሳርፍ አይችልም፤ በ52 ካርታ የተዘረጋ ካንፊልድ የመውጣት ዕድሉ ምን ያህል ነው ብሎ ይጠይቅ ገባ። በቀመር ሊያሰላው ሞከረ፤ የአማራጮቹ ብዛት አላስጠጋ አለው። ከዚያ አንድ ቀላል ሐሳብ መጣለት። ለምን መቶ ጊዜ ዘርግቼ የወጣውን አልቆጥርም?

ይህን ሐሳብ ለወዳጁ ለጆን ፎን ኖይማን ነገረው። ያኔ ኤንያክ የተባለው ኤሌክትሮኒክ ኮምፒውተር ሥራ ጀምሯል፤ መቶ ሳይሆን እጅግ ብዙ ጊዜ መሞከር ይቻላል ማለት ነው። ኒውትሮን በቁስ አካል ውስጥ ሲሄድ ይጋጫል፣ አቅጣጫ ይለውጣል፣ ወይ ይዋጣል፤ የእያንዳንዱ ኒውትሮን ጉዞ እንደ አንድ የተበወዘ ካርታ ነው። ቀመሩ እምቢ ሲል በዘፈቀደ እየሞከሩ መቁጠር ይቻላል። የሥራ ባልደረባቸው ኒኮላስ ሜትሮፖሊስ ዘዴውን ሞንቴ ካርሎ አለው፤ ኡላም ከዘመድ እየተበደረ ሞንቴ ካርሎ ለቁማር የሚሄድ አጎት ነበረውና። በ1949 ኡላምና ሜትሮፖሊስ በዚሁ ስም ጥናት አሳተሙ። ዛሬ የአየር ጠባይ፣ የመድኃኒት፣ የባንክ ብድር ሥጋት ጥናት ሁሉ ይህን ዘዴ ይጠቀማል። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ማመን ይቸግራቸዋል፤ ከሕመም አልጋ ላይ የተዘረጋ ካርታ የስንቱን ሳይንስ በር እንደከፈተ ሳስበው እኔንም ያስደንቀኛል።

ሆኖም የኡላም መልስ ግማሽ መልስ ነው። ከመቶው ስንቱ ይወጣል ለሚለው ይመልሳል፤ ከፊቴ ያለው ይህኛው ይወጣል ወይ ለሚለው ግን አይመልስም። ለዚያ ካርታው ሁሉ ፊቱን መግለጥ ነበረበት።

ማርቲን ጋርድነር ሳይንቲፊክ አሜሪካን በተባለው መጽሔት ለብዙ ዓመታት የሒሳብ ጨዋታ ዓምድ ያዘጋጅ ነበር። በሰኔ 1968 ዕትም ቤከር የተባለ ሰው ያስተማረውን አንድ ሶሊቴር አቀረበ። ቤከር የተማረው ከአባቱ ነው፤ አባቱ ደግሞ በ1920ዎቹ ከአንድ እንግሊዛዊ። 52ቱም ካርታ ፊቱ ተገልጦ በስምንት ዓምድ ይዘረጋል፤ ከዳር ደግሞ አንድ አንድ ካርታ ብቻ የሚያሳርፉ አራት ባዶ ቦታዎች አሉ። የልብ 7 የምትቀመጠው በልብ 8 ላይ ብቻ ነው፤ ሌላ መጠጊያ የላትም። ስለዚህ ጨዋታው ክፉኛ ይጠብቃል፤ ከአራት እደላ አንዱ ያህል ፈጽሞ አይፈታም። አባትና ልጅ፣ ስሙ ያልተጻፈ አንድ እንግሊዛዊ፣ አንድ የመጽሔት ጸሐፊ፤ ጨዋታው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ እንዲህ በቀጭን ክር ነበር የተያያዘው።

ክሩን ይዞ ያወፈረው የሕክምና ተማሪ ነው። በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ከ1960 ጀምሮ ፕላቶ የሚባል በኮምፒውተር የማስተማሪያ ሥርዓት ይገነባ ነበር። በ1970ዎቹ ተማሪዎች ብርቱካንማ ብርሃን በሚያወጣ የፕላዝማ መስኮት ፊት ተቀምጠው ይማሩበት፣ መልእክት ይለዋወጡበት፣ እርስ በርስም ይጫወቱበት ነበር። መስኮቱ 512 በ512 ነጥቦች ስላሉት የካርታ ምስል ለይቶ ማሳየት ይችላል። በ1978 ፖል አልፊል የተባለው ያ ተማሪ፣ ለማስተማሪያ ተብሎ በተሠራው ቲዩተር በተባለ የፕሮግራም ቋንቋ የቤከርን ጨዋታ ጻፈና አንድ ሕግ ለወጠ። ካርታ የሚቀመጠው በራሱ ዓይነት ላይ መሆኑ ቀርቶ በተቃራኒ ቀለም ላይ ሆነ። የልብ 7 አሁን በስፔድ 8ም በአበባ 8ም ላይ ትቀመጣለች። አንድ የነበረው መጠጊያ ሁለት ሆነ። ያቺ ትንሽ ለውጥ ጨዋታውን ከሥሩ ገለበጠችው፤ ከአራት እደላ በአንዱ ያህል የማይወጣው ጨዋታ ሁልጊዜ ለማለት እስኪያስደፍር ድረስ የሚወጣ ሆነ። ፍሪሴል ተወለደ። አልፊል በኋላ ሐኪም ሆኗል።

ካርታ ያላችሁ አሁን ዘርጉ፤ አጨዋወቱን በወረቀት ካርታ ማየት ይሻላል። ጆከሮቹን አውጡና 52ቱን በውዙ። ፊታቸውን ገልጣችሁ ከግራ ወደ ቀኝ በስምንት ዓምድ አድሉ፤ ካርታው ሲያልቅ የመጀመሪያዎቹ አራት ዓምዶች ሰባት ሰባት፣ የቀሩት አራቱ ስድስት ስድስት ይይዛሉ። ከበላይ በግራ በኩል ለአራት ማረፊያ፣ በቀኝ በኩል ለአራት ቤት ቦታ ተዉ። ቤቶቹ የሚሞሉት ለየዓይነታቸው ከአስ ተነሥቶ 2፣ 3 እያለ እስከ ንጉሥ ነው፤ አራቱም ሲሞሉ ጨዋታው ወጣ። ማንቀሳቀስ የሚቻለው በየዓምዱ ጫፍ ላይ ያለችውን ካርታና በማረፊያ ያለችውን ብቻ ነው። ቀይ ካርታ በአንድ በምትበልጣት ጥቁር ላይ፣ ጥቁርም በቀይ ላይ ትቀመጣለች። ቦታ ያጣች ካርታ ማረፊያ ትገባለች፤ በአንድ ማረፊያ ግን አንዲት ብቻ። አንድ ዓምድ ሙሉ በሙሉ ከተራገፈ የፈለጋችሁትን ካርታ አስቀምጡበት። ከዚህ የዘለለ ሕግ የለም።

የተያያዙ ካርታዎችን አንድ ላይ ማንሣት የተፈቀደ የሚመስላቸው አሉ። በእውነቱ የሚነሣው አንድ በአንድ ነው፤ ኮምፒውተሩ ፈጥኖ ስለሚያደርገው ነው ባንድነት የሄደ የሚመስለው። ስንት ማንሣት እንደሚቻል የሚወስነው ባዶው ቦታ ነው። አራቱም ማረፊያዎች ባዶ ከሆኑ አራቱን ለጊዜው አሳርፎ አምስተኛዋን ማንሣት ይቻላል፤ ስለዚህ አምስት። በዚያ ላይ አንድ ባዶ ዓምድ ካለ ቁጥሩ እጥፍ ይሆናል፣ ዐሥር። ሁለት ካሉ እንደገና እጥፍ፣ ሃያ። ማረፊያ ሲጨመር የሚደምር፣ ዓምድ ሲጨመር የሚያባዛ መሆኑን ያየ ተማሪ ጨዋታውን ግማሽ ተምሯል። ለዚህ ነው ባዶ ዓምድን ንጉሥ ለማስቀመጥ የሚቸኩለውን ተጫዋች ሳይ የሚያመኝ፤ ያ ቦታ ገና ብዙ ሥራ ነበረው።

እኔ መጀመሪያ እጄን ከካርታው አነሣና አስ እና 2 የት የት እንደተቀበሩ አያለሁ። በላያቸው ስንት ካርታ እንዳለ እቆጥራለሁ፤ ከዚያ በትንሹ የሚጸዳውን ዓምድ እመርጣለሁ። ሦስተኛውን ማረፊያ ከመሙላቴ በፊት እንዴት ባዶ እንደማደርገው ማወቅ አለብኝ፤ ካላወቅሁ ያንን መንገድ እተወዋለሁ። ወደ ቤት መላክም ችኮላ አይወድም። ቀይ 5 ቤት ከገባች በኋላ አንዲት ጥቁር 4 ማረፊያ ውስጥ ቀርታ የምትቀመጥበት ልታጣ ትችላለች። በዚህ ጨዋታ የተደበቀ ነገር ስለሌለ ሁሉም ነገር ቀድሞ ሊታሰብ ይችላል፤ ለተማሪ ከምመኝለት ነገር ሁሉ ይህን የሚያህል የለም።

የአልፊል ጨዋታ በኢሊኖይ አልቀረም። ፕላቶ ካናዳ፣ አልበርታ ዩኒቨርሲቲም ነበር፤ ጂም ሆርን ጨዋታውን የተማረው እዚያ ነው። ሆርን በ1988 ዶስ ለተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት አንድ ቅጂ ጻፈ፤ በኋላ ማይክሮሶፍት ተቀጠረና የዊንዶውስን ቅጂ ሠራ። ይኸው ቅጂ በ1991 ከኩባንያው የመዝናኛ ጥቅል ጋር ወጣ፤ ከዊንዶውስ 95 ጀምሮ ደግሞ ኮምፒውተር ሲገዛ አብሮ የሚመጣ ሆነ። ታላቅ ወንድሙ ሶሊቴር ከ1990 ጀምሮ ዊንዶውስ ውስጥ ነበር፤ የጻፈው ዌስ ቼሪ የተባለ ተለማማጅ ሠራተኛ ነው፣ ካርታዎቹን የሣለችው ሱዛን ኬር ናት። ያ ጨዋታ ለብዙ ሰው ማውስ ይዞ መጎተትን ያስተማረ ነው። በእኛም ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል ልጆች መጀመሪያ ማውስ የያዙት ካርታ ለመጎተት ነበር። ከአንዳንድ ቢሮ ደግሞ በጨዋታው የተነሣ ሰው ተባሯል፤ በ2006 የኒውዮርክ ከንቲባ የነበሩት ማይክል ብሉምበርግ በአንድ የከተማው ሠራተኛ መስኮት ላይ ሶሊቴር አይተው ከሥራ አሰናብተውታል።

የሆርን ፍሪሴል መስኮት አረንጓዴ ነው። በማረፊያዎቹና በቤቶቹ መካከል ትንሽ የንጉሥ ፊት አለ፤ ማውሱ ወደ ግራ ሲሄድ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ሲሄድ ወደ ቀኝ ይዞራል። ልጆቹ መጀመሪያ የሚያዩት እርሱን ነው፤ «ቲቸር፣ ያየናል!» ይላሉ። ከሁሉ በላይ ለዚህ ታሪክ የሚበልጠው ግን በመስኮቱ አናት የሚታየው ቁጥር ነው። ሆርን እደላዎቹን ከ1 እስከ 32,000 ቁጥር ሰጣቸው። ቁጥሩ የአበዋወዙ መነሻ ነው፤ 617 ብሎ የመረጠ ሁሉ፣ አዲስ አበባ ይሁን ቶሮንቶ፣ ያንኑ አዘረጋግ ያገኛል።

ይህ የታሪኩ መታጠፊያ ነው ብዬ አምናለሁ። ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት መቶ ዓመታት እያንዳንዱ የተበወዘ ካርታ ከሰውየው ጋር ተወልዶ ከሰውየው ጋር ይሞት ነበር። አልወጣ ያለው ካርታ ተሰብስቦ ይበወዛል፤ በቃ፣ ለዘላለም ጠፋ። ሌላ ሰው «እስቲ ልሞክረው» ሊል አይችልም። እደላው ቁጥር ሲያገኝ ግን ስም ያለው ጥያቄ ሆነ። የአንዱን ሽንፈት ሌላው ሊፈትሸው ይችላል። ማስረጃ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ከጨዋታው ጋር የመጣው የእገዛ ጽሑፍ እያንዳንዱ እደላ ሊፈታ እንደሚችል ይታመናል፣ ሆኖም አልተረጋገጠም የሚል ነገር ነበረው። «ይታመናል» የሚል ቃል ሒሳብ የሚወድን ሰው አያስተኛም። በነሐሴ 1994 ዴቭ ሪንግ የተባለ ሰው ገና በማደግ ላይ በነበረው ኢንተርኔት ፈቃደኞችን ሰበሰበ። 32,000ውን እደላ መቶ መቶ አድርጎ ከፋፈለና ለእያንዳንዱ ፈቃደኛ ድርሻውን ሰጠ። አንዱ ያልቻለውን እደላ ለሌላው ያስተላልፋል፤ ሌላውም ካልቻለ ለሦስተኛው። ከመቶ በላይ ሰዎች በዚህ ሥራ ላይ ተሠማሩ፤ ክፍያ የለም፣ ሽልማት የለም። በሚያዝያ 1995 ሲጨርሱ ከ32,000ው አንዲት ብቻ ሁሉንም አሸንፋ ቀረች። ቁጥር 11982።

ይህችን እደላ ከፍታችሁ እዩ። በመጀመሪያው፣ በሁለተኛውና በአራተኛው ዓምድ ከሥር መጀመሪያ የተቀመጡት የልብ አስ፣ የስፔድ አስ እና የአበባ አስ ናቸው። እነዚህ ሰባት ሰባት ካርታ ያላቸው ዓምዶች ናቸው፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ አስ ላይ ስድስት ካርታ ተጭኗል ማለት ነው። ቤት መክፈቻ የሚሆኑት ከሥር ስለተቀበሩ እነርሱ ጋ ሳይደረስ ማረፊያዎቹ ይሞላሉ። ክፉ መሆኗን ለማየት ብዙ ዕውቀት አይጠይቅም። ነገር ግን እንደ እርሷ ክፉ የሚመስሉ፣ በመጨረሻ ግን የተፈቱ ብዙ እደላዎች አሉ፤ ክፉ መሆንና የማይቻል መሆን አንድ አይደሉም።

ለክፍል የማመጣው ጥያቄ ይህ ነው። ከመቶ በላይ ጎበዝ ተጫዋቾች አልቻሉም ማለት አይቻልም ማለት ነው? አንዳንዱ ልጅ «አዎ፣ በቂ ነው» ይላል። ሌላው «መቶ አንደኛው ቢችልስ?» ይላል። ሁለተኛው ልጅ ልክ ነው። የሰዎቹ ሽንፈት ጠንካራ ጥርጣሬ ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም። ማስረጃ የሚሆነው ከመጀመሪያው አዘረጋግ ተነሥቶ የሚቻለውን እንቅስቃሴ ሁሉ፣ ከዚያም ከእያንዳንዱ በኋላ የሚቻለውን ሁሉ አንዳች ሳያስቀሩ መመርመር፣ ሁሉም መንገድ ተዘግቶ ማለቁንም ማየት ነው። ይህን የሰው እጅ አይጨርሰውም። ኮምፒውተር ይጨርሰዋል፤ በተለያዩ ሰዎች የተጻፉ፣ አንዱ የሌላውን ያልገለበጡ ፕሮግራሞች መርምረው በአንድ ቃል መለሱ። 11982 አይፈታም። ፈቃደኞቹ በእጃቸው የደረሱበት ልክ ነበር፤ በ31,999ኙ አንድም አልቀራቸውም፣ በአንዷም አልተታለሉም። እኔ ከዚህ ታሪክ ሁሉ የማከብረው ይህን ነው። ሳይተዋወቁ፣ በየቤታቸው ተቀምጠው፣ በትዕግሥት የሠሩት ሥራ ማሽን ሲፈትሸው ንጹሕ ሆኖ ተገኘ።

በኋላ የዊንዶውስ እደላዎች ወደ 1,000,000 ከፍ ሲሉ ጥያቄው ተከተላቸው። ከሚሊዮኑ የማይፈቱት ስምንት ብቻ ናቸው፤ 11982፣ 146692፣ 186216፣ 455889፣ 495505፣ 512118፣ 517776 እና 781948። ያ የዊንዶውስ ፍሪሴል ከዜሮ በታች ቁጥር፣ −1 ወይም −2 ሲሰጡት ደግሞ ሆን ተብሎ እንዳይፈታ የተደረገ አዘረጋግ ያወጣ ነበር። ከእነዚህ ውጭ በዚያ ሚሊዮን ውስጥ የተሸነፈ ሁሉ የተሸነፈው መንገድ ስላልነበረ አይደለም።

ልጆቹ ከዚህ በኋላ ሁልጊዜ የሚጠይቁት አለ። «ታዲያ ኮምፒውተር ሁሉን ካወቀ ምን ቀረ?» የቀረው ብዙ ነው። 52 ካርታ የሚበወዝበት ስልት ብዛቱ 8 ተብሎ 67 ዜሮዎች የሚከተሉት ቁጥር ያህል ነው። ሚሊዮኑ ከዚያ ውስጥ ምንም አይደለም። በ2003 ደግሞ ማልተ ሄልመርት የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪ የካርታው ብዛት እየጨመረ ሲሄድ ፍሪሴል በኮምፒውተር ሳይንስ እጅግ ከባድ ከሚባሉት፣ ኤንፒ ሙሉ ተብለው ከሚታወቁት ጥያቄዎች ወገን መሆኑን አረጋገጠ። ለእነዚህ ጥያቄዎች ሁልጊዜ ፈጥኖ የሚደርስ ዘዴ ያገኘ ሰው የለም፤ እንደሌለም ያረጋገጠ የለም። ከዚህ የበለጠ ለዐሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ የሚነገር ምን አለ? ማንም ያልመለሰው ጥያቄ በእጁ ካለው ካርታ ጋር ይገናኛል።

መብራት በሚጠፋበት ቀን የኮምፒውተር ክፍሉ ይዘጋል፤ ያኔ የምንጫወተው በወረቀት ካርታ ነው። ሁለት ጠረጴዛ ገጥመን ስምንቱን ዓምድ እንዘረጋለን። ከመጀመሪያዋ እንቅስቃሴ በፊት ግን አንድ ልጅ አዘረጋጉን በሙሉ በደብተር ይገለብጣል፤ ዓምድ በዓምድ፣ የእያንዳንዷን ካርታ ዓይነትና ቁጥር። ሆርን በቁጥር ያደረገውን እኛ በእርሳስ እናደርገዋለን ማለት ነው። ያልወጣ እደላ ገጹ ላይ «ክፍት» ተብሎ ይጻፍበታል፣ «አይቻልም» አይባልም። ሌላ ቀን ሌላ ልጅ ያንኑ ገጽ ገልጦ ይዘረጋዋል። አብዛኞቹ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ልጅ እጅ ተፈተዋል። አንደኛውን የፈታችው ተማሪ ከእርሷ በፊት የነበሩት ሁሉ ባዶውን ዓምድ በጥቁር ንጉሥ ሲሞሉት አይታ፣ እርሷ ባዶ አድርጋ አቆየችውና ዐሥር ካርታ በአንዴ አሻገረችበት። ከደብተሩ ገጾች አንዱ ግን አሁንም «ክፍት» የሚል አለበት፤ የዳይመንድ አስ ከስድስት ካርታ ሥር ነው፣ በላዩም ሁለት ንጉሥ ተጭኖታል። መብራት ሲመጣ ወደ ኮምፒውተር አስገብተን እንመርምረው ያሉ ነበሩ። ክፍሉ ድምፅ ሰጠበት፤ መጀመሪያ በእጃችን እንሞክረው የሚለው አሸነፈ፣ ተራ ወጥቶለታል፣ የሚቀጥለው ስም ተጽፏል።